የምርጫ ዜና በደብተርና በሰዓት፦ የምታምኑትን ሚዲያ በአንድ ሳምንት ራሳችሁ የምትለኩበት መንገድ

ምርጫ ሲቃረብ "ለመሆኑ የትኛውን ሚዲያ ነው የምታምኑት?" የሚል ጥያቄ ይበዛል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ሰው የሚወደውን ጣቢያ ስም ይጠራል። ሌላው "ሁሉም ያው ናቸው፣ አንዱንም አላምን" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም መልሶች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው የቀረበለትን ሳያላምጥ ይውጣል። ሁለተኛው ደግሞ ጋዜጠኛውን ትቶ ዜና መስማቱን ግን አይተውም፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላለት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የድምፅ ቅጂና ስክሪንሾት ነው።

ጋሉፕ የተባለው የአስተያየት ጥናት ድርጅት አሜሪካውያን በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ዜና ላይ ምን ያህል እምነት እንዳላቸው ለብዙ ዓመታት ሲጠይቅ ቆይቷል። በ1976 በጣም ወይም በበቂ መጠን እናምናለን ያሉት 72 በመቶ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ 31 በመቶ ሆነ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ምክንያት አልሸሸም፤ ሚዲያው ራሱ ያጠፋው ጥፋት አለ። ግን የሸሸው ሁሉ ለክቶ፣ መዝኖ ነው ወይ የሸሸው? አይመስለኝም።

እኔ እንደማምነው እምነት በጅምላ የሚሰጥ ወይም በጅምላ የሚነፈግ ነገር አይደለም። በችርቻሮ ነው የሚሰጠው፤ ዘገባ በዘገባ። ለዚያ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሥራ አንድ ሳምንት ይፈጃል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና በስልካችሁ ላይ ያለው ስቶፕዎች (ሰከንድ መቁጠሪያ) ነው። እንደ አውሮፓ ኅብረት ያሉ የምርጫ ታዛቢ ቡድኖች የሚዲያ ባለሙያዎቻቸው የሚሠሩት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፓርቲ የተሰጠውን ጊዜ ይቆጥራሉ፣ ዘገባው በአዎንታ ነው በአሉታ የቀረበው የሚለውን ይመዘግባሉ።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን መዝግቡ

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማንን እንደምትደግፉ ጻፉ። ማንን እንደማትወዱም ጨምሩበት። ማንም አያየውም፣ ግን በሐቅ ጻፉት።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በ1985 ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በ1982 ቤይሩት ውስጥ ስለተፈጸመው የስደተኞች ጭፍጨፋ የተሠሩ የቴሌቪዥን ዘገባዎችን ሰብስበው እስራኤልን ለሚደግፉና አረቦችን ለሚደግፉ ተማሪዎች አሳዩ። ፊልሙ አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው። የእስራኤል ደጋፊዎቹ "ይህ ዘገባ በእስራኤል ላይ ያደላል" አሉ። የአረቦቹ ደጋፊዎች ደግሞ "ለእስራኤል ያደላል" አሉ። ልብ በሉ፣ አንዱ ወገን አድልቷል ሌላው ሚዛናዊ ነው አላሉም፤ ሁለቱም ተበድለናል ነው ያሉት።

ስለዚህ ዜና ስትሰሙ ከተናደዳችሁ ከመዝገባችሁ ጎን "ን" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ደስ ካላችሁ "ደ"። ሳምንቱ ሲያልቅ እነዚያን ቦታዎች እንደገና ታዩአቸዋላችሁ። በተለይ "ደ" ያላችሁባቸውን። አድልዎ በጣም የሚያመልጠን እኛን ሲጠቅመን ነውና።

2. ሦስት ምንጭ ምረጡ

አንዱ የምትወዱት ይሁን። ሁለተኛው የማትወዱት። ሦስተኛው ደግሞ በምርጫው ብዙም ጥቅም የሌለው፣ ለምሳሌ ከሌላ አገር የሚዘግብ የዜና ወኪል። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር፤ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ያው የዜና እወጃ። "ዛሬ አልተመቸኝም፣ ነገ ሁለት እሰማለሁ" ካላችሁ የምትመርጡት ስሜታችሁ የፈቀደውን ቀን ይሆናል፣ መዝገቡም ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለባችሁ። ዜና፣ ትንታኔ፣ የግል አስተያየትና የተከፈለበት ማስታወቂያ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አስተያየት ጸሐፊ ወገን ቢይዝ መብቱ ነው፤ ለዚያ ነው የተቀመጠው። ለፓርቲዎች በሕግ የተደለደለ ነፃ የአየር ሰዓትም የጣቢያው ድምፅ አይደለም። የምትቆጥሩት ዜናውን ብቻ ነው። ጣቢያው እነዚህን እንዳይለዩ አድርጎ ከቀላቀላቸው፣ ማለትም አስተያየቱን በዜና አንባቢ ድምፅ ካቀረበ ወይም የተከፈለበትን ፕሮግራም ሳይናገር ካስተላለፈ፣ እሱን ራሱን በደማቅ ጻፉት። ትልቅ ጥፋት ነው።

3. ሰከንድ ቁጠሩ

በገጹ ላይ አምስት አምድ አስምሩ፦ ማን፣ ጠቅላላ ሰከንድ፣ በራሱ አንደበት የተናገረበት ሰከንድ፣ በአዎንታ ወይም በአሉታ ወይም በገለልተኛነት፣ በስንተኛ ተራ የቀረበ።

በተግባር እንዲህ ነው። የማታው ዜና 30 ደቂቃ ነው እንበል። ከዚያ ውስጥ ምርጫው 8 ደቂቃ ወሰደ። ስለ እጩ "ሀ" 190 ሰከንድ ተዘገበ፣ ስለ እጩ "ለ" 180 ሰከንድ። እዚህ ላይ ካቆማችሁ "ሚዛናዊ ነው" ትላላችሁ። ሦስተኛውን አምድ እዩት። እጩ "ሀ" 70 ሰከንድ በራሱ አንደበት ተናግሯል። እጩ "ለ" ዜሮ። ሙሉውን 180 ሰከንድ ስለ እሱ የተናገሩት ዜና አንባቢዋና ተቀናቃኞቹ ናቸው። ስለ ሰውዬው ብዙ ሰማችሁ፣ ሰውዬውን ግን አልሰማችሁትም።

ይህን አምድ ያስገባሁት ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። ለዓመታት የማምነውን አንድ ጣቢያ በምርጫ ሰሞን አንድ ሳምንት ሙሉ ቆጥሬው ነበር። ጊዜው ሲደመር ተቀራራቢ ነው። እኔ የማልወደው እጩ ግን በዚያ ሁሉ ቀን አንድም ዓረፍተ ነገር በራሱ ድምፅ አልተናገረም። እውነቱን ለመናገር እስክቆጥር ድረስ አልታወቀኝም። ያንን እጩ ሰምቼ ሳይሆን ስለ እሱ ሲወራ ሰምቼ ነበር የጠላሁት። በጣም ነው ያዘንኩት።

በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሲወዳደር ደግሞ ቆጠራው ይወሳሰባል። ሚኒስትሩ ድልድይ መረቀ፣ ሆስፒታል ጎበኘ፤ ዜና ነው ወይስ ቅስቀሳ? ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አምድ ስጡት። የመንግሥት ሥራ ዜና ከወትሮው በእጥፍ ከጨመረና ጭማሪው የመጣው የቅስቀሳ ሰሞን ላይ ከሆነ አምዱ ራሱ ይነግራችኋል።

ሰከንዱ እኩል ስለሆነ ብቻ ግን ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። አንዱ እጩ በሰነድ የተረጋገጠ ነገር ሲናገር፣ ሌላው ደግሞ ሐሰት መሆኑ የታወቀ ነገር ሲናገር፣ ሁለቱንም እኩል 60 ሰከንድ ሰጥቶ "ፍርዱን ለተመልካች" ብሎ ዞር የሚል ጋዜጠኛ ሥራውን አልሠራም። የማጣራቱ ሥራ የእሱ ነው።

4. ቃላቱን ፈትሹ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ምልክቱ ብዙ ነው።

ከግሡ ጀምሩ። አንዱ እጩ "አስታወቁ"፣ "አብራሩ"፣ "አረጋገጡ" ይባልለታል። ሌላው "አስተባበለ"፣ "ወነጀለ"፣ "አመነ"። "አመነ" የሚለውን ቃል ተጠንቀቁት፤ ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ እንጂ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ቃሉ ግን ጥፋተኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። "አስተባበለ" ሲባልም ክሱ ገና ሳይጣራ አየር ላይ ይቀራል። ጋዜጠኛ "አሉ" ወይም "ተናገሩ" ቢል ምን ይጎድልበታል?

ቀጥሎ አክብሮቱን እዩ። አንዱን "ተናገሩ" ብሎ በእሳቸው፣ ሌላውን "ተናገረ" ብሎ በእሱ መጥራት በአንድ ዜና ውስጥ ሲገጥማችሁ ብዙ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ማዕረግም እንደዚያው ነው። አንዱ "ዶክተር" እየተባለ ሌላው ያው ዶክተር ሆኖ በስሙ ብቻ ከተጠራ መዝግቡት። ሴት እጩዎች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ወንዱ በፖሊሲው ሲጠየቅ እሷ ስለ ልጆቿና ስለ አለባበሷ ስትጠየቅ ትሰማላችሁ።

ከዚያ አድራጊውን ፈልጉ። "በሰልፉ ላይ ሦስት ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ" እና "በሰልፉ ላይ ሦስት ሰዎች በጥይት ተገደሉ" አንድ ክስተት ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ላይ ገዳይ የለም፣ ጥይትም የለም። "ግጭት ተቀሰቀሰ" ሲባል ማን ቀሰቀሰው? ገና ካልታወቀ ጋዜጠኛው "እስካሁን አልታወቀም" ማለት ይችላል። ትዝብቱ ያለው፣ አንዱ ወገን ሲያጠፋ አድራጊው በስም እየተጠራ ሌላው ሲያጠፋ ነገሩ በራሱ ጊዜ "የተከሰተ" ሲመስል ነው።

አርዕስቱንም ከውስጡ ጋር አስተያዩ። አርዕስቱ "ፓርቲው ከምርጫው ሊወጣ ነው" ይላል፤ ገብታችሁ ስታነቡ የፓርቲው ሰው ያለው "ጥያቄያችን ካልተመለሰ እንመክርበታለን" ነው። ሼር የሚደረገው አርዕስቱ ነው፣ ውስጡን ብዙ ሰው አያነበውም።

"እንደሚባለው"፣ "ብዙዎች እንደሚስማሙት"፣ "ታዛቢዎች እንደሚሉት" የሚሉትን አስምሩባቸው። ብዙዎች ማለት እነማን? ስሙ ያልተጠቀሰ ምንጭ ሁሉ ግን ውሸት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ስሙ ቢወጣ ሥራውን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ሰው አለ። ጠንቃቃ ዘጋቢ ስሙን ለምን እንደደበቀና ምንጩ ነገሩን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ይነግራችኋል። ሁለቱም ከሌሉ ዘገባው በቂ አይደለም።

አሁን ቀላል ሙከራ። ዘገባውን ወረቀት ላይ ገልብጡት፣ የእጩዎቹን ስም አቀያይሩና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጆሮአችሁን የሚቆረቁረው ቦታ ላይ ክብ አድርጉ። በሁለት ገጽ ዘገባ ውስጥ አምስት ስድስት ክብ ካገኛችሁ ሙከራው ሠርቷል ማለት ነው።

5. ያልተባለውን ፈልጉ

በ1968ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማክስዌል ማኮምስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ሁለት መምህራን በቻፕል ሂል ከተማ 100 ያልወሰኑ መራጮችን ስለ ዋነኛ የምርጫ ጉዳዮች ጠየቁ። መራጮቹ የሰጡት ቅደም ተከተል ሚዲያው ትኩረት ከሰጠው ቅደም ተከተል ጋር በጣም ተቀራረበ። ጥናቱ በ1972 ከታተመ ወዲህ ነገሩ ብዙ ቦታ ተሞክሯል። ሚዲያ ማንን መምረጥ እንዳለባችሁ ባይነግራችሁ እንኳ ስለ ምን እያሰባችሁ እንደምትመርጡ ሊወስን ይችላል።

በየማታው ከሦስቱ ምንጮች የመጀመሪያዎቹን አምስት ዜናዎች ብቻ ጎን ለጎን ጻፉ። ሁለቱ ጋ ኖሮ ሦስተኛው ጋ የሌለውን ክበቡት። አንድ ቀን ቢጎድል ምንም አይደለም፤ የሰው ኃይል ላይኖር ይችላል። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ጉዳይ ብቻ ከጎደለ ግን ያ ውሳኔ ነው። በምትወዱት ጣቢያ ላይ ስታገኙት ያማል። ቢያምም ጻፉት።

6. የአስተያየት ጥናት ሲጠቀስ

ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም። በ1936ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ አሜሪካውያን መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። አሸናፊው አልፍ ላንደን ነው ብሎም ተነበየ። ተቀናቃኙ ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የመጽሔቱ አድራሻዎች በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ገምቱ። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከተላከለት ጥቂቱ ነው። ጆርጅ ጋሉፕ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ስለዚህ ማን አስጠናው፣ ማን ከፈለ፣ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ እንዴት ተመረጡ፣ መቼ ተጠየቁ? ዘገባው እነዚህን ካልነገራችሁ ቁጥሩን እለፉት። በዘፈቀደ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ሲጠየቁ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ፣ ወደላይም ወደታችም ነው። በሁለት እጩዎች መካከል ያለው ልዩነት ላይ ደግሞ ስህተቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 47 ለ45 የሆነን ውጤት "መሪነቱን ያዘ" ብሎ የሚያበስር ዜና ያልተረጋገጠ ነገር ነው የሚነግራችሁ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚለጠፍ "ማንን ትመርጣላችሁ?" የሚል ድምፅ መስጫ ጥናት አይደለም፤ የገጹን ተከታዮች ነው የሚያሳየው።

7. የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት

ብዙ አገሮች ከምርጫው በፊት የጽሞና ጊዜ አላቸው፤ ቅስቀሳ ይቆማል፣ ሚዲያም ይቆጠባል። ለመራጩ ጥሩ ነው፣ ለአጭበርባሪም ይመቻል። ስሎቫኪያ ውስጥ መስከረም 2023 በተካሄደው ምርጫ ዋዜማ፣ በ48 ሰዓቱ የጽሞና ጊዜ፣ የፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ ፓርቲ መሪ ሚካል ሺሜችካና አንዲት ጋዜጠኛ ምርጫውን ስለማጭበርበር ያወሩ የሚመስል የድምፅ ቅጂ ተሰራጨ። ሁለቱም ሐሰት ነው አሉ፣ የመረጃ አጣሪዎችም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ የመሆን ምልክት አገኙበት። ጊዜው ግን ለማስተባበል አልተመቸም። ጥር 2024 ላይ ደግሞ በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የፕሬዚዳንት ባይደን የሚመስል ድምፅ በስልክ እየደወለ መራጮች ከቅድመ ምርጫው እንዲቀሩ ይመክር ነበር። ጥሪውን ያቀነባበረው የፖለቲካ አማካሪ በኋላ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል።

በእነዚያ ሁለት ቀናት የሚደርሳችሁን ማንኛውንም ድምፅ ወይም ቪዲዮ እንዲህ አድርጉ፦ ሼር አታድርጉ፤ ከላከላችሁ ሰው "ከማን አገኘኸው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ሦስቱ ምንጮቻችሁ ጋ መኖሩን እዩ። አንዱም ካልዘገበው "ደብቀው ነው" ከማለታችሁ በፊት "ማረጋገጥ አቅቷቸው ይሆን?" በሉ። ጋዜጠኛ ያላረጋገጠውን ይዞ ዝም ሲል ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

8. የውጤቱ ሌሊት

በ1948ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ "ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ" ብሎ አተመ፤ ያሸነፉት ትሩማን ነበሩ። የአታሚዎች አድማ ስለነበር ጋዜጣው ከወትሮው ቀደም ብሎ መታተም ነበረበት፤ ዱዊ ያሸንፋል የሚለው ግምትም ቀድሞ ሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል። በ2000ው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ደግሞ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች የፍሎሪዳን ግዛት አሸናፊነት ለጎር ሰጡ፣ መልሰው ወሰዱት፣ ሌሊት ላይ ለቡሽ ሰጡ፣ እንደገና ወሰዱት። ልዩነቱ በመጨረሻ 537 ድምፅ ሆኖ ተመዘገበ። ችኮላና ግምት ሲገናኙ ዘጋቢው ወገንተኛ ባይሆን እንኳ ይሳሳታል።

ያን ሌሊት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት በመቶው ተቆጥሯል፣ የየትኛው አካባቢ ድምፅ ነው የተቆጠረው፣ ቁጥሩን የተናገረው ማን ነው፤ ምርጫ አስፈጻሚው፣ ፓርቲው ወይስ ጣቢያው በራሱ ግምት? መሪነት ሲቀያየር "ሌሊት ላይ ተሰረቀ" የሚል ጽሑፍ ወዲያው ይነሳል። ሊሰረቅም ይችላል፣ ማስረጃ ይጠየቅ። ግን የከተማው ድምፅ ከገጠሩ፣ በፖስታ የተላከው ከሳጥኑ በተለያየ ሰዓት ስለሚቆጠር ብቻም ይቀያየራል። በ2020 የአሜሪካ ሚዲያዎች ማክሰኞ ለተካሄደ ምርጫ አሸናፊውን ያወጁት ቅዳሜ ነው።

9. ደብተሩን ደምሩና ጻፉላቸው

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ስህተትንና አድልዎን ለዩ። ስህተት ወዲህም ወዲያም ይወድቃል። አድልዎ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው የሚወድቀው። ሲሳሳት እርማት የሚያወጣ፣ እርማቱንም ስህተቱ በታየበት ቦታ የሚያስቀምጥ ሚዲያ ካገኛችሁ ከፍ ያለ ነጥብ ስጡት። "ን" እና "ደ" ያላችሁባቸውን ዘገባዎችም አሁን ቀዝቀዝ ብላችሁ እዩአቸው፤ የተወሰኑትን ትሰርዛላችሁ።

ከዚያ ለጣቢያው አርታኢ ጻፉ። ስድብ አይግባበት፤ "እናንተ ሁልጊዜ" የሚል ቃልም አይግባ። ይህን የመሰለ ይበቃል፦

"ጤና ይስጥልኝ። ከሰኞ እስከ እሑድ የማታውን የ2 ሰዓት ዜና በሰዓት እየቆጠርኩ ተከታትያለሁ። በሰባቱ ቀን እጩ 'ሀ' በራሳቸው አንደበት 6 ደቂቃ ተናግረዋል። እጩ 'ለ' በራሳቸው አንደበት አልተናገሩም። ረቡዕ ዕለት በሁለተኛው ዜና ደግሞ አንደኛው 'አብራሩ'፣ ሌላው 'አመነ' ተብለዋል። ዝርዝሩን በቀንና በሰከንድ አያይዣለሁ። የቆጠራ ስህተት ካለብኝ አሳዩኝ፤ ከሌለብኝ ግን በቀሪው የቅስቀሳ ጊዜ እጩ 'ለ' በራሳቸው ድምፅ እንዲደመጡ እጠይቃለሁ።"

አሥር ቀን ጠብቁ። መልስ ካልመጣ ያንኑ ደብዳቤ፣ አንድም ቃል ሳትጨምሩ፣ በአገራችሁ የሚዲያ ቅሬታ ለሚቀበለው ምክር ቤት ወይም ባለሥልጣን ላኩት። መልስ ከመጣና ከታረመ ደግሞ እሱንም በደብተሩ ላይ በቀኑ ጻፉት።